የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

የዩኒቨርስቲ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ለፈተና የሚጠናበት ጸጥ ያለ አዳራሽ ነው። ከወረርሽኝ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር የላይቤሪያን ታሪክ ያድምጥ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ በላይቤሪያ፣ በጊኒና በሴራሊዮን ሲዛመት በሽታው ለአካባቢው እንግዳ ደራሽ ነው ተብሎ ነበር። በ2016 እስኪያከትም ድረስ ከ11,000 በላይ ሰዎችን ፈጀ፤ ከእነዚህም በመቶ የሚቆጠሩት የጤና ሠራተኞች ነበሩ።

በ2015 ግን የላይቤሪያ ጤና ሚኒስቴር ዋና የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር በርኒስ ዳን፣ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ አንድ የሚያንገበግብ ነገር ይዘው ወጡ። ለካስ በ1982 የአውሮፓ ተመራማሪዎች ከላይቤሪያውያን የተወሰደ ደም መርምረው፣ አንዳንዶቹን ኢቦላ ነክቷቸው እንደነበር የሚያመለክት ማስረጃ አግኝተዋል! ላይቤሪያ ኢቦላ ካለባቸው አገሮች ተርታ መቆጠር አለባት ብለውም ጽፈዋል። ጽሑፉ የወጣው ግን በአውሮፓ የሳይንስ መጽሔት ነው፤ ከጸሐፊዎቹም አንድ ላይቤሪያዊ አልነበረበትም። እነዶክተር ዳን እንዳሉት፣ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጽሑፎች አንዱን ከኢንተርኔት ለማውጣት በ2015 45 ዶላር ይጠየቅ ነበር። ይህ ያኔ ለአንድ ላይቤሪያዊ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ያህል ነበር። ደሙን የሰጠው ሕዝብ ውጤቱን ሳያውቅ 32 ዓመት አለፈ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ጽሑፉ ቢታወቅ ኖሮ ሁሉም ይተርፍ ነበር አንልም። ነገር ግን ነርሷ ጓንት ሳታጠልቅ ትኩሳተኛ እንዳትነካ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይቻል ነበር።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሥራው መጽሐፍ ማዋስና መመለስ ብቻ አይደለም፤ የተረሳ ጥናት ፈልጎ ማውጣትም ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ፐብሜድ የተባለውን ማውጫ ከ1997 ጀምሮ ለማንም በነጻ ከፍቷል። ይሁንና ማውጫው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የጽሑፉን አጭር መግለጫ ነው። ሙሉውን ከሌላ ቤተ መጻሕፍት አስልኮ ለተመራማሪው የሚያደርሰው ባለሙያው ነው። ለድሃ አገሮችም የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በ2002 ሂናሪ የተባለ ፕሮግራም አቋቁሟል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲዎችና ሆስፒታሎች የሕክምና መጽሔቶችን በዚህ በኩል በነጻ ማንበብ ይችላሉ። ታዲያ በሩ ቢከፈትም መንገዱን የሚያሳይ የሠለጠነ ሰው ከሌለ ያው እንደተዘጋ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? በየዩኒቨርስቲው የሕዝብ ጤና የምትማሩ ወገኖች፣ ጥናት ከመጀመራችሁ በፊት ከቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ክፍያ አይጠይቃችሁም። ወደ አገር ቤት መጻሕፍት የምትልኩም፣ ያረጀውን በካርቶን ከመጫናችሁ በፊት ተቀባዩን ቤተ መጻሕፍት ምን እንደጎደለው ጠይቁ። ምናልባት የጎደለው መጽሐፍ ሳይሆን ኮምፒውተርና ሥልጠና ይሆናል።

ከሁሉም በላይ፣ በወገኖቻችን ደምና ቃል ጥናት የምትሠሩ ምሁራን ሆይ! የጥናታችሁን ቅጂ ጥናቱ በተካሄደበት አገር ቤተ መጻሕፍት ሳታስቀምጡ ሥራው አለቀ አትበሉ። ያ ሕዝብ የሰጠውን መልሶ የማየት መብት አለው።