ሳይንሱ ከእንዝርቱ ይጀምር

«ናኖ ክር የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ለምናስተምር ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አስተያየት በመካከላችን ይሰማል። እኛ በዚህ አንስማማም። ማስረጃው እኮ በየቤታችን አለ!

እስቲ አሠራሩን እንመልከት። ዚንክ የጣራችንን ቆርቆሮ ከዝገት የሚጠብቀው ብረት ነው። የዚንክ ጨው ከሚያዝለገልገው ፖሊመር ጋር ይሟሟና መርፌ ባለው ስሪንጅ ይሞላል። ከመርፌው ፊት ለፊት፣ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ የብረት ሰሌዳ ይቆማል። በሁለቱ መካከል ከ10 ሺህ እስከ 30 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ በመርፌው ጫፍ ያለችው ጠብታ ሾጣጣ ሆና ትሳባለች፤ ክሩም እየተወራጨ፣ ፈሳሹ እየተነነ፣ ሰሌዳው ላይ ያርፋል። ከዚያ በ500 ወይም በ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይተኮሳል። ፖሊመሩ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ዚንክ ኦክሳይዱ በክር መልክ ይቀራል። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ናኖ ሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ግን 70 ሺህ ያህል ይሆናል።

ቁም ነገሩ ደሞ ጣል በሚደረገው ቅመም ላይ ነው። ከመቶ የዚንክ አተሞች አንድ ሁለቱ በአሉሚኒየም ይተካሉ። ዚንክ 2 ኤሌክትሮን ሲሰጥ አሉሚኒየም 3 ስለሚሰጥ፣ ትርፉ ኤሌክትሮን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ውጤቱን ለማወቅ ክሩ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የአተሞቹ አሰላለፍ በኤክስሬይ ይመረመራል። እንዲህ ያለው ክር ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነካው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ ይለወጣል፤ ስለዚህ ለአደጋ ጠቋሚ መሣሪያ ይፈለጋል። በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ስንቱን እንደጨረሰ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ተራ ነገር ነው?

ታዲያ ለጌጃ ሰፈር ልጅ እንዴት እናስረዳው? ትርጉም በማስሸምደድ? አይደለም! አያቱ ስትፈትል ባዘቶው ተስቦ እንደሚቀጥን አይቷል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች በእሳት ያጸኑት ጀበና ተመልሶ ጭቃ እንደማይሆንም ያውቃል። ከዚያ እንነሣ። ልዩነቱንም አብረን እንንገረው፦ እንዝርት እያከረረ ይፈትላል፣ ኤሌክትሪኩ ግን መሳብ እንጂ ማክረር የለበትም፤ ጀበናው ላይ ጭቃው ራሱ ይጸናል፣ እዚህ ግን ተሸካሚው ፖሊመር ይነዳል። ልዩነቱ ያልተነገረ ምሳሌ ተማሪ ያሳስታል።

እንዲህ ማስተማር ሌላም ጥቅም አለው። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ጨርሶ አልሞተም። የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ልጅ የወላጆቹ ሙያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከኬሚስትሪው ጎን ተጽፎ ሲያይ ቀና ይላል። ይህን ማድረግ የሚችለው አዋጅ ሳይሆን መምህር ነው።

ስለዚህ እጩ መምህራን፣ ለሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ እንዝርት፣ ጥቂት ባዘቶና አንድ ገል ይዘን እንግባ። መምህሮቻችንም የትምህርት ዕቅዳችንን ሲያርሙ እነዚህን እንደ ሙሉ የትምህርት መርጃ ይቁጠሩልን!