ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ስንት ኪሎ አየር?

ባለፈው ሳምንት ስለ ጎማ ተጫውተን ነበር። ዛሬ ኮፈኑን እንክፈት። ኮፈን የሞተሩ መክደኛ ነው፤ ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። የአዲስ አበባ መካኒክ አፉን የፈታው በአማርኛ ቢሆንም የሙያውን ቃል የወሰደው ከጣሊያኖች ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፊልትሮ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ካንዴላ ብልጭታ ሰጥታ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው ናት። ዛሬ ደጋግመን ስለምናነሣት አትርሷት።

ነገሩን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዶ ያደገ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። በቅርቡ ያገለገለ ሆንዳ አኮርድ ገዛ፤ የ2018 ሞዴል፣ 1.5 ሊትር ሞተር ከነቱርቦው። አኮርድ ለእኛ የጎረቤት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሆንዳ ከኮሎምበስ ብዙም በማትርቀው በሜሪስቪል አኮርድን መገጣጠም የጀመረው በ1982 ነው። አና በምትባለው የኦሃዮ ከተማ ያለው የሞተር ፋብሪካ ደግሞ በ1985 ተከፈተ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ መጣ። «አጎቴ፣ ና እይ! በአንድ ፋይል ብቻ ጉልበቱ ጨመረ!» አለኝ። (በእኔ ጊዜ አጎት «ይምጡ» ነበር የሚባለው። ተውኩት፤ አማርኛውን መናገሩ ይበቃኛል።) ፋይሉን ከኢንተርኔት ገዝቶ ማታውኑ በመኪናው ኮምፒውተር ላይ ጭኖታል። በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሲንሲናቲ ሊሄድበት አስቧል።

«በጣም ጥሩ። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ስንት ኪሎ አየር ያስገባል?» አልኩት።

ዝም አለ። እናንተም ዝም ካላችሁ አብረን እናስላው።

ቤንዚን ያለ አየር አይቃጠልም። አንድ ኪሎ ቤንዚን ምንም ሳይተርፍ፣ አየሩም ሳይተርፍ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየር ቀላል ስለሆነ በሊትር ስንቆጥረው ያስደነግጣል፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9,000 ሊትር አየር ማለት ነው። ይህ ልክ የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ይባላል። ምጣኔ «መጠን» ከሚለው ቃል ዘመድ ነው፤ እናታችሁ ለሩዙ ውኃ ስትመጥን እንደምትሠራው ሥራ።

አየሩ ከበዛ ድብልቁ ቀጠነ እንላለን። ቤንዚኑ ከበዛ ወፈረ እንላለን። እንደ ወጥ አስቡት። የቀጠነ ወጥ አለ፣ የወፈረ ወጥ አለ። ቁጥሩ ከ14.7 ሲበልጥ ቀጭን ነው፤ ሲያንስ ወፍራም ነው። ብዙዎች ይህን ይገለብጡታል፤ ቁጥሩ የሚቆጥረው አየሩን እንጂ ቤንዚኑን አለመሆኑን ካስታወሳችሁ አትሳሳቱም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እዚህ ከምንቀዳው ቤንዚን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አሥር በመቶው ኢታኖል፣ ማለትም አልኮል ነው። ኢታኖል በራሱ ውስጥ ኦክስጅን ስለያዘ ብዙ አየር አይፈልግም፤ ለአንድ ኪሎ 9 ኪሎ አየር ይበቃዋል። ስለዚህ የድብልቁ ልክ ወደ 14.1 ይወርዳል። አገር ቤትም ይህ ተሞክሯል፤ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘው ኢታኖል ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር።

እንግዲህ 14.7 ልክ ከሆነ ሞተሩ ሁልጊዜ በዚያ ለምን አይሄድም? ቱርቦ የሌለው መኪና በሞርስ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ በእርግጥ በዚያ አካባቢ ነው የሚሄደው። ጭስ የሚያጣራው መሣሪያ በደንብ የሚሠራውም ያኔ ነው። የነዳጅ መርገጫውን እስከ ታች ስትረግጡት ግን ኮምፒውተሩ ድብልቁን ያወፍረዋል፤ ወደ 12 ተኩል ወይም 13 ያወርደዋል። ጉልበት የሚገኘው የገባው ኦክስጅን በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቤንዚኑ ትንሽ መትረፍ አለበት።

ቱርቦ ያለው ከዚህም ይብሳል። ቱርቦ በሚወጣው ጭስ ኃይል የሚሽከረከር ፋን ነው፤ አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። ብስክሌት ስትነፉ የመንፊያውን ጫፍ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። በጣም የሞቀና የተጨመቀ ድብልቅ ደግሞ ካንዴላዋ የለኮሰችው እሳት ሳይደርስበት በየጥጉ ራሱ ይፈነዳል። ያኔ ሞተሩ ያንኳኳል። ማንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተን ይሰነጠቃል ወይም ይቀልጣል። ስለዚህ ቱርቦው በሙሉ ኃይሉ ሲገፋ ቤንዚኑ በርከት ይደረጋል፤ ከ11 ተኩል እስከ 12 ተኩል ባለው ይሆናል። ትርፉ ቤንዚን ሲተን ሙቀቱን ይወስዳል፤ ላባችን ሲደርቅ እንደሚያቀዘቅዘን ማለት ነው። «ቤንዚን ሲበዛ ይበልጥ ይሞቃል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ በትህትና አዳመጠኝና «ግን እኮ አሪፍ ነው የሚሄደው» አለ። እኔ ደግሞ ሳልለካ የማምነው ነገር የለም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዳይኖ ያለው ጋራዥ ወሰድኩት። ዳይኖ ላይ መኪናው በሰንሰለት ታስሮ ይቆማል፤ ጎማዎቹ ብቻ በብረት ሮለር ላይ ይሮጣሉ። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ሴንሰር ምጣኔውን ይናገራል፤ እኛ በላፕቶፑ እናነባለን።

ልጁ ረገጠ። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ 12.1 አለ። ደስ አለኝ። 4,000 ላይ 12.5። 4,500 ላይ 13። የነዳጁ ግፊት መስመር ደግሞ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ቱርቦው አየሩን ይጨምራል፣ ቤንዚኑ ግን አልደረሰም። 13.6 ሲል «እግርህን አንሣ!» ብዬ ጮህኩ። ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞር አለ። አማርኛ የሚሰማ ከእኔና ከእሱ በቀር አልነበረም፤ ልጁ ግን ወዲያውኑ አነሣ።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀም። ፋይሉ የተሠራው ትልቅ የነዳጅ ፓምፕ ለተገጠመለት መኪና ነበር። የእሱ ፓምፕ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ እንዲህ ሲቀጥን ሞተሩ የታመመ አይመስልም። ፈጣንና ንቁ ይመስላል።

ወደ ቤት ስንመለስ «ለምን እንደዚያ ጮህክብኝ?» አለኝ። ለማንም በደንብ ያልነገርኩትን ያን ጊዜ ነገርኩት።

አያቱ፣ ማለትም አባቴ፣ በደርግ ዘመን ፔጆ 404 ነበረው። ከአዲስ አበባ ናዝሬትና አዋሽ ሰው እያመላለሰ ነበር ያሳደገን። ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነበር። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት የጋራዥ ለማጅ ነበርኩ። አባቴን ላስደስት ብዬ ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ በጠበበች ቀየርኩለት። አዲስ አበባ ላይ መኪናው በጣም ጥሩ ሄደ፤ ቤንዚኑም ተረፈ። አባቴ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ አመሰገነኝ።

ያላሰብኩት ነገር ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አዋሽ ግን ቆላ ነው፤ አየሩ ወፈር ይላል። ካርቡራቶር ኮምፒውተር የለውም። አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይጨምርም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ለጥቂት የቀጠነው ድብልቅ አዋሽ ላይ በጣም ቀጠነ። አባቴ ሰው ሞልቶ በፀሐይ ዳገቱን ሲመለስ አንዱ ፒስተን ተበሳ። ለሦስት ወር መኪናው ቆመ። እናቴ የአንገት ወርቋን ሸጠች። አባቴ አንድ ቀን እንኳ «አንተ ነህ» አላለኝም፤ ካንዴላዋን ብቻ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ነጭ ነበረች፤ እንደ አመድ።

ልጁ ያን መኪና በፎቶ ያውቀዋል። አያቱ ክንዱን ኮፈኑ ላይ ደግፎ የቆመበት ፎቶ እናቱ ሳሎን ተሰቅሏል። «ያ መኪና?» አለኝ። «ያ» አልኩት። እስከ ቤት ድረስ ሬዲዮውን አልከፈተም።

ማታውን የፋብሪካውን ፋይል መልሶ ጫነ፤ ሲንሲናቲም በዚያው ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ በራሱ መኪና ላይ እየለካ የሚያስተካክል ባለሙያ ዘንድ ሄደ። ፓምፑ እንዳለ ስለሆነ ባለሙያው ቱርቦውን ብዙ አላስገፋውም። የተጨመረው ጉልበት ፋይሉ ቃል ከገባው ግማሹ አይሞላም፤ ልጁም ትንሽ አኩርፏል። ሙሉ በሙሉ ተረግጦ ግን ቁጥሩ 11.8 ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባለሙያዎቹ ይህን ለ14.7 አካፍለው ላምዳ 0.8 ይሉታል።

ባለፈው እሑድ እኔ ቤት ካንዴላዎቹን ፈታን። ካንዴላ ነጭ ከሆነች ቀጥኗል፤ ጥቁር ጥቀርሻ ከያዘች ወፍሯል። በቱርቦና በዛሬው ቤንዚን ቀለሙ እንደ ድሮው ሁሉን አይናገርም፤ እኔ ግን ሳላይ አላድርም። ልጁ አንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራትና ብዙ አያት።

«ማኪያቶ» አለ።

ልክ ነው። ፎቶ አንሥቶ ለእናቱ ላከላት። ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ደውላ ጠየቀችኝ።