በገዢ ፊት ቆሞ ስለ መናገር



በንግድ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ዕቃችንን ማስለቀም፣ ማስመዘንና ማሸግ በሚገባ እናውቃለን። ስለ ዕቃችን በጉባኤ ፊት ቆሞ መናገርን ግን እንደ ትርፍ ሥራ ስለምንቈጥረው የሚደርስብን ጕዳት ቀላል አይደለም። እኔ በአንድ ቡና ላኪ ዘንድ በጸሐፊነት የማገለግል ስሆን፣ ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ብዕር የሠራሁት ስሕተት ነው።

ባለፈው ዓመት ከውጭ አገር በመጡ ገዢዎች ፊት እያንዳንዱ ላኪ ስለ ቡናው 15 ደቂቃ እንዲናገር ተፈቅዶ ነበር። አሠሪዬም ንግግሩን እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። እኔም የቤቱን ታሪክ ከምሥረታው ጀምሮ፣ የመጋዘኑን ስፋትና ያገኘነውን የምስክር ወረቀት ሁሉ አንድም ሳላስቀር በ14 ገጽ ጻፍሁ። ያንኑ ጽሑፍ በፕሮጄክተር በግድግዳው ላይ እንዲታይ አደረግሁ። አሠሪዬ ዐይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ 6ኛው ገጽ ላይ እንደ ደረሱ ሰዓቱ አለቀ። ከገዢዎቹ አንዱ ቡናው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደ መጣ ጠየቀ። መልሱ በ11ኛው ገጽ ላይ ነበርና ወረቀት ስናገላብጥ ተራው ለሌላ ተሰጠ።

ከእኛ ቀጥለው የተነሡት ወይዘሮ ወረቀት አልያዙም። ጥሬ ቡና በትንሽ ሰፌድ አድርገው በፊት ወንበር ለተቀመጡት አስተላለፉና፣ እጃችሁ ላይ ያለው ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ 12 ቀን ቆይቷል፤ ይህን የምታዩትን መልክ ያገኘው ሴቶቹ በየቀኑ እያገላበጡና እየለቀሙ ስላደረቁት ነው ብለው ጀመሩ። ንግግራቸውን 8 ደቂቃ ሳይሞላ ፈጽመው የቀረውን ጊዜ ለጥያቄ ተዉት። በሻይ ሰዓት ገዢዎቹ የተሰበሰቡት በእርሳቸው ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። እኛ 14 ገጻችንን ይዘን ወደ ቢሮአችን ተመለስን።

አንዳንድ ነጋዴዎች፣ መልካም ቡና ሲቀመስ ራሱ ይናገራል፤ ወሬ ምን ይጠቅማል? ይላሉ። ቀምሶ የማያውቅ ገዢ የለምና አሳባቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጊዜው ተለውጧል። ቀድሞ በምርት ገበያ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ላኪው ከየትኛው ጣቢያ እንደ ወጣ ለይቶ ማስረዳት ይቸግረው ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ የቡናውን ምንጭ ተከታትሎ ለማወቅ መንገድ ከፍቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2015 ዓ.ም. ባጸደቀው የደን ጥበቃ ደንብ፣ የአፈጻጸሙ ቀን ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ እንዲታወቅ ይጠይቃል። እንግዲህ ሲኒው ጣዕሙን ይናገር ይሆናል፤ የመጣበትን ስፍራ ግን መናገር ያለበት ነጋዴው ነው።

ይህም ከባዕድ የምንማረው ጥበብ አይደለም። አባቶቻችን በዳኛ ፊት በላ ልበልሃ ተባብለው ሲሟገቱ ቆመው፣ ዳኛውን እያዩ፣ በተመጠነ ቃል ይናገሩ ነበር፤ ቃላቸውም በሰሚው ልብ ይቀር ነበር። የነገር ብዛት በአህያ አይጫንም የሚለውም የእኛው ተረት ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የምመክረው ይህ ነው። ተናጋሪው ሰሚው ይዞት እንዲሄድ የሚፈልገውን አንድ ነገር አስቀድሞ ይምረጥ፤ ሌላው በጥያቄ ጊዜ ይመጣል። ስለ ዕቃው ከማውራቱ በፊት ዕቃውን ያሳይ፤ ላኪው ናሙናውን ያስጨብጥ፣ አስመጪው ሳጥኑን ከፍቶ መሣሪያውን ያስነሣ፣ ባለሱቁም ጨርቁን ዘርግቶ ያሳይ። ከቀኑም በፊት በመጋዘን ሠራተኞቹ ፊት ድምፁን አሰምቶ ይለማመድ፤ እነርሱ ያልገባቸው ለገዢውም አይገባውም። ንግድ ምክር ቤታችንም አባሎቹ እርስ በርሳቸው የሚለማመዱበት አንድ ምሽት ቢመድብ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ ለጸሐፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። እኔ ያንን 14 ገጽ የጻፍሁት ገዢው እንዲረዳ ሳይሆን አሠሪዬ ትጋቴን እንዲያመሰግኑ ነበር። ምስጋናውንም አገኘሁ፤ ገዢውን ግን አጣን። ለሚመጣው ስብሰባ አሠሪዬ ከአንድ ገጽ የበለጠ እንዳልሰጣቸው አስጠንቅቀውኛል፤ እኔም ያቺን አንድ ገጽ ለማሳጠር እየደከምሁ ነው።