ልጅ ለመሮጥ ስንት ይክፈል?

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የምናወጋዎ ስለ ገንዘብ ነው፤ ያውም ስለ ጥቂት ገንዘብ። ነገሩ የሚሆነው ስዊድን አገር፣ ጥድ በሞላበት ጫካ ውስጥ ነው። አንድ አነስተኛ የስፖርት ክበብ እሑድ ቀን 40 ያህል ልጆች ሰብስቦ ውድድር ሊያደርግ አስቧል እንበል። ኮሚቴው ማታ ተሰብስቦ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ዳኞቹን ቶሎ ይወስንና አንድ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ልጆቹ ለመግቢያ ስንት ይክፈሉ? እርስዎም ነገ በትምህርት ቤትዎ ወይም በመሥሪያ ቤትዎ የስፖርት ኮሚቴ ውስጥ የተመረጡ እንደሆነ ይህችው ጥያቄ ትጠብቅዎታለች።

ስፖርቱ ኦሪየንቴሪንግ ይባላል። ተወዳዳሪው ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ በካርታው ላይ በሐምራዊ ክብ የተመለከቱትን ቦታዎች ጫካ ውስጥ በተራ እየፈለገ ያገኛል። መንገዱን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ ሁሉንም አግኝቶ በአጭር ጊዜ የተመለሰ ያሸንፋል። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ውድድር በ1897 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው የምጽፈው) በኖርዌይ ሲደረግ የተወዳደሩት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ1919 ግን ኤርንስት ኪላንደር የሚባል የስዊድን መኮንን፣ ወጣቱ ከሩጫ ሜዳ እየሸሸ መሄዱን አይቶ በስቶክሆልም አጠገብ ውድድር ቢያዘጋጅ ከ200 የሚበልጡ መጡ። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስፖርቱ የተስፋፋው የራቀውን ወጣት ለመጥራት ነውና፣ በር ላይ የሚጠየቀውም ዋጋ መመዘን ያለበት በዚሁ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ትልቁ ወጪ ካርታው ነው። ተራ ካርታ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ሳንቲ ሜትር 100 ሜትር የሚያህል ሆኖ፣ ትልልቁን ድንጋይ፣ ጉድጓዱን፣ ረግረጉን፣ የጫካውን ጥቅጥቅነት ሳይቀር የሚያሳይ ልዩ ካርታ ነው። ካርታ ሠሪው ጫካውን በእግሩ እየዞረ ያየዋል፤ ይህም ብዙ የሥራ ቀን ይፈጃል። ዛፉ በተቈረጠ ጊዜ ደግሞ ካርታው መታረም አለበት።

እንግዲህ ካርታው 24000 ክሮና ፈጀ እንበል፤ ቍጥሩን የወሰድሁት ለምሳሌ ያህል ነው። የክበቡ ገንዘብ ያዥ እርሳሱን አንሥቶ ለ40 ልጆች ሲያካፍለው ለእያንዳንዱ 600 ይደርሰዋል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። እድር ውስጥ ያገለገለ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። እድሩ አዲስ ድንኳን ቢገዛ፣ መጀመሪያ ሐዘን የደረሰበትን ቤተ ሰብ የድንኳኑን ዋጋ ክፈል አይለውም፤ ድንኳኑ ለብዙ ሰውና ለብዙ ዓመት ነውና። ካርታውም እንዲሁ ነው። በ12 ውድድር ቢያገለግል የአንዱ ቀን ድርሻ 2000፣ የአንዱም ልጅ 50 ክሮና ይሆናል። እኔ ግን ይህንኑ 50 እንኳ በልጁ ላይ አልጭንም። ልጁ ባይመጣም ካርታው ይሠራ ነበር፤ አዋቂዎቹም ይሮጡበታል። ስለዚህ ወጪው አዋቂዎቹ ከሚከፍሉት መግቢያና ከክበቡ ሣጥን ይሸፈን እላለሁ።

ታዲያ ልጁ ምን ይክፈል? እርሱ በመምጣቱ የተጨመረውን ብቻ ነው። ይኸውም የሚታተምለት አንድ ቅጠል ካርታ፣ ጣቱ ላይ የሚያስራት የኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ ኪራይ፣ ለፌዴሬሽኑ የሚተላለፍ ድርሻ ካለም እርሱ ነው። መመዝገቢያዋን እንኳ ለ40 ልጆች ውድድር ማስቀረት ይቻላል። ቀድሞ በየምልክቱ ላይ መርፌዎች ያሉት መብሻ ይንጠለጠል ነበር፤ የእያንዳንዱ መብሻ ቀዳዳ ቅርጹ ልዩ ስለሆነ፣ ልጁ ወረቀቱን እየበሳ ሲመለስ የት የት እንደ ደረሰ ይታወቃል። ዛሬም ይሠራል፤ ባትሪ አይፈልግም።

«እንዲህ ከሆነ ክበቡ ይከስራል» ሳይሉ አይቀሩም። ሥጋትዎ እውነት ነው። ሣጥኑ ባዶ የሆነ ክበብ ካርታውን ማረም ያቅተውና ልጆቹ የጠፋ የእግር መንገድ እየፈለጉ ጫካ ውስጥ ይንከራተታሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ አይኖርም። ነገር ግን ገንዘብ የሚገባበት በር አንድ ብቻ አይደለም። በስዊድን ውድድሩ በሚያልቅበት ቦታ ቡና፣ ጣፋጭ ዳቦና ትኩስ ቋሊማ መሸጥ የተለመደ ነው፤ የሚሸጡትም የክበቡ አባሎችና ወላጆች ያለ ደመወዝ ናቸው። የ10 ዓመት ልጅ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። እናቱ ወይም አባቱ ብርድ ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ ቡናውን የሚገዙት እነርሱ ናቸው። መግቢያውን አስወድዶ ልጁን ያስቀረ ገንዘብ ያዥ ቡና ገዢውንም አስቀረ፤ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በ1965 የተጀመረው ኦ-ሪንገን የሚባለው ትልቅ ውድድር በየበጋው ብዙ ሺሕ ሯጭ ስለሚሰበስብ ወጪውን ለብዙ ሰው ያከፋፍላል፤ ትንሹ ውድድር ዋጋውን ከትልቁ ይቅዳ ከሚሉት ጋር አልስማማም።

ጭራሽ በነጻ ይሁን የሚሉም አሉ። ችግሩ በነጻ የተመዘገበ ሳይመጣ መቅረቱ ነው፤ ካርታው ታትሞ ይጣላል። ለዚህ ብዙ የስዊድን ክበቦች ያገኙት መላ ደስ ይለኛል። የአባል ልጆችን መግቢያ ክበቡ ራሱ ይከፍላል፤ ልጁ ተመዝግቦ ሳይነግር የቀረ እንደሆነ ግን ክፍያው ወደ ቤተ ሰቡ ይመለሳል። ሆኖም መላው የሚጠቅመው ክበብ ያለውን ልጅ ነው። ማስታወቂያውን በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አይቶ የመጣው፣ ኪላንደር ሊጠራው የፈለገው ዓይነት ልጅ፣ ሙሉውን ከኪሱ ያወጣል። ስለዚህ ዝቅ ማለት ያለበት በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ዋጋ ራሱ ነው። ሦስት ልጆች ይዛ ለመጣች እናትም ሦስተኛው በነጻ ቢገባ ክበቡን አይጎዳውም።

ልጅ የሚባለውስ እስከ ስንት ዓመት ነው? በስፖርቱ ደንብ ጁኒየር የሚባለው እስከ 20 ዓመት ያለ ነው፤ የዓለም የጁኒየር ሻምፒዮናም ከ1990 ጀምሮ በዚሁ ዕድሜ ይደረጋል። በስዊድን ግን የልጅ ዋጋ ብዙ ጊዜ 16 ዓመት ላይ ያበቃል፤ የ17 ዓመቱ ተማሪ እንደ ደመወዝተኛ ይከፍላል። በብሪታንያ ብዙ ክበቦች ተማሪውን ከልጆቹ ጋር ይቈጥሩታል። እኔ ከብሪታንያዎቹ ጋር ነኝ። ተማሪ ከሆኑ፣ ወይም የመጀመሪያ ደመወዝዎን በቅርቡ ተቀብለው ከሆነ፣ ምክንያቱን ላስረዳዎ አያስፈልግም።

ዘግይቶ የተመዘገበ ይጨምር የሚለው ልማድ ለአዋቂ ደግ ነው። ለልጆች ግን አሥር ያህል ትርፍ ካርታ ማሳተም ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነውና።

ኮሚቴው ከመበተኑ በፊት አንድ ሥራ ይቀረዋል። ዋጋው ምን ምን እንደሚሸፍን በማስታወቂያው ግርጌ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ የካርታው ቅጠል ይህን ያህል፣ ኪራዩ ይህን ያህል፣ ለፌዴሬሽኑ ይህን ያህል ተብሎ።