ጠዳ፤ ሜዳውም ፈረሱም አለ፣ ጨዋታው የለም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ውስጥ ጓደኛውን የሚፈልግ ሰው ስልክ መደወል አያስፈልገውም። ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ይበል፤ ያገኘዋል። መጋረጃው ተጋርዶ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ግማሹ አርሰናል ግማሹ ማንቼ ሆኖ ይጯጯሃል። እሁድም ያው ነው። ፋሲል ከነማ በሜዳው በሚጫወትበት ጊዜ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ሰውን ከቤት የሚያስወጣ ነገር ነበር። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ሲጀምር ዐፄዎቹም ለገዛ ደጋፊያቸው የስክሪን ቡድን ሆኑ። የሚገርመው የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሱት በዚያው ዓመት ነው፤ እሱም ከጎንደር ውጪ!

እንግዲህ አምስት ስድስት ሆነው «ዛሬስ ኳስ ይቅር፤ ድንኳን ይዘን እንውጣ፣ ፈረስ እንጋልብ፣ ተራራ እንውጣ፣ ለእሁዱ ትልቅ ጨዋታ እንመለሳለን» የሚሉ ወጣቶች አሉ እንበል። የት ይሂዱ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የነገሥታት ፈረስ በተቀለበበት አገር፣ በየገበያው ፈረስ በሚሸጥበት አገር፣ መልስ ማጣት ያሳፍራል።

ሰው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ነው፤ ስሜን። እውነት ነው፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ካምፕ ማድረግ ከተነሳ ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚቀድም ቦታ መጥራት ያስቸግራል። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደባርቅ ይደረሳል። እዚያ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትኬት ይቆረጣል፣ አስጎብኚ ይያዛል፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደባል፣ ዕቃ የሚጭን በቅሎና በቅሎ ነጂ ይከራያል። ከዚያ ሳንቃበር፣ ቀጥሎ ግጭ፣ ቀጥሎ ጨነቅ ይታደራል። ጉልበት ያለው ቧሂትን ተሻግሮ ራስ ዳሸን ድረስ ይዘልቃል። ጭላዳው በመቶ እየሆነ ሜዳ ላይ ሣር ሲነጭ፣ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ ሲታይ፣ ከእሜት ጎጎ ጫፍ ገደሉ ወደ ታች ሲታይ፣ የትኛውም ሃይላይት አይደርስበትም።

ከፍታውን ለኳስ አፍቃሪ ለማስረዳት ደግሞ ላፓዝን ማንሳት ይበቃል። የቦሊቪያ ሄርናንዶ ሲሌስ ስታዲየም ያለው 3 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እ.ኤ.አ ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ሜሲን ያሰለፈው የማራዶና አርጀንቲና 6 ለ 1 የተቀጣው እዚያ ነው። ፊፋም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2007 ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ አይካሄድም ብሎ ቦሊቪያን አስቆጥቶ ነበር፤ በኋላ ተወው እንጂ። ጨነቅና ግጭ ካምፖች ያሉት በላፓዝ ከፍታ ነው። አርጀንቲናን ትንፋሽ ያሳጣ አየር ላይ ነው እንግዲህ ድንኳን የሚተከለው። ጎንደሬው 2 ሺህ 100 ሜትር ላይ ስላደገ ይቋቋመዋል ቢባልም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ጋቢ ብቻ ይዞ ለሄደ ሰው አይራራም።

ሌላም አለ፤ ዋሊያ። በዓለም ላይ ሌላ የትም የለም፣ ስሜን ብቻ። ብሔራዊ ቡድኑ በስሙ ይጠራል፤ እ.ኤ.አ በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲበቃ አገር ምድሩ «ዋልያ! ዋልያ!» ብሎ ጮኋል። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ እንስሳውን በዓይኑ ያየው ስንቱ ነው? ማሊያ ላይ ያየው ብዙ ነው። ቢራ ጠርሙስ ላይ ያየው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ይሁንና የእነዚያ ወጣቶች ጥያቄ ገና አልተመለሰም። አንደኛ፣ ስሜን የቅዳሜና እሁድ ጉዳይ አይደለም። መንገዱ፣ ክፍያው፣ የሚያዘው ሰው ብዛት ተደምሮ ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል፤ አሠራሩም ቢሆን የተቀመረው በዋናነት ከውጭ ለሚመጣ ቱሪስት ነው። ሁለተኛ፣ እዚያ ያለው በቅሎ ነው። በቅሎን መናቅ አይገባም፤ ለገደልና ለድንጋይ መንገድ ከእሷ የተሻለ የለም፤ ድሮም መኳንንቱ መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር፣ ፈረሱ ለጦርነትና ለጉግስ ይሳብ ነበር። ግን ፈረስ ልጋልብ ብሎ የወጣ ልጅ ኮቾሮና ድንኳን የተጫነባት በቅሎ ኋላ እየተከተለ ቢመለስ ጋለብኩ ይላል? በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው ነው፤ ፈረስ ሲጠየቅ በቅሎ ይቀርባል።

ታዲያ ፈረሱን ወደ ስሜን መውሰድ ነዋ የሚል አይጠፋም። ይሄ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ፓርኩ እ.ኤ.አ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበር፤ በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ካስገቡት ምክንያቶች አንዱ የከብት ግጦሽ ነው። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው፤ ለዚያም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ሰው ቤቱን ለቆ ያተረፈውን ሣር ለመዝናኛ ፈረስ ማስጋጥ ነውር ነው። ፈረሱ ሜዳ ይፈልጋል። ሜዳው ደግሞ በሌላ በኩል ነው።

በሌላ በኩል ማለት ወደ ደቡብ፣ ጠዳ። ከአዘዞ አልፎ በባህር ዳር መንገድ ላይ ያለችው ጠዳ በጤና ሳይንስ ኮሌጇ እንጂ በሌላ ብዙ አትነሳም። መንገደኛም በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። ነገር ግን ከጎንደር ኮረብታ ወርዶ አገሩ ሜዳ መሆን የሚጀምረው በዚህ አቅጣጫ ነው፤ በምዕራብ በኩል ደምቢያ ተዘርግቷል፣ ከአዘዞ የሚገነጠለው መንገድ ቆላ ድባን አልፎ ጣና ዳር ጎርጎራ ያደርሳል። ለመጋለብ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ፈረሱም አለ። ጋሪ እየጎተተ ነዋ! ጎንደር ዙሪያ ባሉ ከተሞች ፈረስ የሚታየው ጋሪ ሥር ነው፤ ጤፍ ጭኖ፣ ጠጠር ጭኖ፣ ሰው ጭኖ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከመዝናኛ የሚያልፈው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ የጋሪ ገበያ እየቀዘቀዘ ነው። ገቢው ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የፈረሱ ገብስ ነው። ፈረሱ ከሳ፣ ጀርባው ገጠበ፣ አንካሳ ሆነ፤ ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ዳር ይለቀቃል። በኢትዮጵያ ከተሞች ዳርቻ አስፋልት መሐል ተገትሮ መኪና ጥሩንባ ሲነፋበት የማይነቃነቅ ፈረስ ያላየ ሹፌር የለም። ባለጋሪውን መውቀስ ቀላል ነው፤ እሱም የሚበላው የለውም። ያ ፈረስ ግን በጥር 10 እና 11 ጥልፍ ግላስ ለብሶ፣ በመርገፍ አጊጦ፣ ታቦት አጅቦ ሲመጣ ያ ሁሉ ሰው እልል ይልለት ነበር።

ጎንደር ደግሞ ፈረስን የምትረሳ ከተማ መሆን አልነበረባትም። ፋሲል ግቢ ውስጥ የበካፋን የፈረስ ጋጣ አስጎብኚዎች እስከ ዛሬ ያሳያሉ። ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ክብ ግንብ በትውፊት ዞብል የሚባለው የንጉሡ ፈረስ መቃብር ናት ይባላል። ለፈረስ መቃብር የሚሠራ ከተማ! ከቋራ የተነሣውን አፄ ቴዎድሮስን ሰው እስካሁን «አባ ታጠቅ» የሚለው በፈረሱ ስም ነው። አንድ አጥቂ ጎል ሲያገባ በመኪናው ስም ተጠራ እንደማለት ነው።

ጉግስ ራሱ ስፖርት ለመሆን ምን ይጎድለዋል? ሁለት ቡድን አለ። አንዱ ሲሸሽ ሌላው ያባርራል፣ ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው በጋሻ ይመክታል ወይም በፈረሱ ጎን ላይ ተለጥፎ ያመልጣል፤ ወዲያው ዞሮ አባራሪ ይሆናል። መልሶ ማጥቃት የሚባለውን ሞሪኒዮ አልፈጠረውም። በባህላዊው አጋላለብ እርካቡ ውስጥ የሚገባው ሙሉ እግር አይደለም፣ አውራ ጣት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሆኖ ዘንግ መወርወር ምን ያህል ሚዛን እንደሚጠይቅ አንድ ጊዜ የሞከረ ይንገራችሁ። ይሄ ችሎታ በዓመት አንድ ሁለት ቀን ብቻ እየታየ የት ድረስ ይዘልቃል?

እንቅስቃሴ የለም እንዳይባል እዚያው ክልል ውስጥ የአገው ፈረሰኞች አሉ። ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ የቆየ ነው፤ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲወጡ ሜዳው ይሞላል። ማንም ከላይ መጥቶ አላቋቋመላቸውም። ማኅበሩ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሲጣላ ያስታርቃል፣ በዓል ሲደርስ ይጋልባል። የጎንደርና የደምቢያ ፈረሰኛ ያጣው ፈረስ ሳይሆን እንዲህ ያለ ማኅበር ነው።

ካምፑንና ፈረሱን አንድ ላይ ያገናኙም አሉ። ባሌ ውስጥ ከዲንሾ ተነስቶ ለቀናት በፈረስ እየተጓዙ በየካምፑ ማደር የቆየ ነገር ነው። ወንጪ ላይ የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው ጎብኚውን በፈረስ ወደ ሐይቁ በተራ ያወርዳሉ። አዲስ አበባም ብትሆን በ2013 ዓ.ም መስከረም እንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ፈረስ ግልቢያ ተካቶበታል። የሸገር ልጅ እንጦጦ ላይ ፈረስ ወጥቶ ፎቶውን ሲለጥፍ የጎንደር ልጅ ላይክ ያደርጋል፤ ከበሩ ስር ፈረስ ታስሮ!

ጎርጎራ ገበታ ለሀገር ከታሰበላቸው ሦስት ቦታዎች አንዷ ሆና ሪዞርት ተሠርቶባታል፤ ጥሩ ነው። ግን ሪዞርትና ካምፕ አንድ አይደሉም። ሪዞርት ገንዘብ ላለው ነው። ካምፕ ማለት ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አጥር፣ ዘበኛና ድንኳን የሚተከልበት ለጥ ያለ ሣር ነው። በቃ። ጠዳ ላይ ይህን ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ አንድ ክለብ ለአንድ የውጭ ግብ ጠባቂ ከሚከፍለው ጋር ቢወዳደር የትኛው እንደሚበልጥ መገመት አያቅትም።

የጋሪ ፈረስ ወዲያው የኮርቻ ፈረስ ይሆናል ማለት አይደለም። ጋሪ የለመደ ፈረስ ሰው ጀርባው ላይ ሲወጣ ይበረግጋል፤ መሠልጠን አለበት፣ መጀመሪያ ደግሞ መብላት አለበት። የቆሰለውን ማከም ያስፈልጋል፤ ለዚህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት እዚያው አፍንጫ ሥር ነው፣ ተማሪዎቹም የሚለማመዱበት ያገኛሉ። ኮርቻ ለመሥራት ቆዳ ሠሪ አልጠፋም። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያወጣ፣ ለአንድ ሰዓት ስንት እንደሚከፈል ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ፤ ካልሆነ ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር ባለፈረሶች ይጣሉና በሁለተኛው ወር ነገሩ ይፈርሳል። ስንቱ ማኅበር እንዲህ ፈርሷል።

የጸጥታውን ነገር ዘሎ ማለፍ ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሳው ግጭት ቱሪስቱን አስቀርቶ አስጎብኚውንም በቅሎ ነጂውንም ሥራ አስፈትቷል። ማንም ሰው ድንኳን ተሸክሞ ከመውጣቱ በፊት መንገዱን ከአካባቢው ሰው መጠየቅ አለበት፤ አይሆንም ከተባለም ቤቱ ይቀመጥ። «ታዲያ አሁን ስለ ፈረስ ማውራት ምን ይሠራል?» ለሚለው መልሱ ፈረሱ ሰላም እስኪመጣ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ዛሬ የተለቀቀ ፈረስ ከሁለት ዓመት በኋላ አይገኝም። ጉግስ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም እንደዚያው።

ለስፖርት ቢሮዎችም አንድ ነገር ማለት ይቻላል። በየዓመቱ ሪፖርታቸው ላይ ባህላዊ ስፖርት የሚል ርዕስ አይጠፋም፤ ገና ሲደርስ ገና ጨዋታ፣ ጥምቀት ሲደርስ ጉግስ ይነሳና ሜዳሊያ ታድሎ ይበተናል። በቀሩት ወራት ያ ፈረሰኛ የት እንደሚለማመድ የሚጠይቅ የለም። አንድ የእግር ኳስ ቡድን በዓመት አንዴ ብቻ ሜዳ ቢገባ ደጋፊው ምን ይል ነበር?

ለጊዜው ግን አምስቱ ስድስቱ ጓደኛሞች ቅዳሜ ጠዋት ጠዳ ወርደው ፈረስ ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ የታወቀ ነው። «ኮርቻ የለም፤ ጋሪው ላይ ውጡ።» የት ልውሰዳችሁ ይላቸዋል ባለጋሪው። ሰዓቱን ያያሉ፤ የእንግሊዝ ጨዋታ ሊጀምር ነው፤ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ይሉታል።