የሳምንታዊ መጽሔት ጌታ ማን ነው?

ስለ ፕሬስ ነጻነት ክርክር በተነሣ ቁጥር ሙግቱ የሚያርፈው በብዕር ላይ ነው። ጸሐፊው ማንን ነቀፈ? ለየትኛው ወገን ቆመ? ይባላል። ማተሚያው የማን እንደሆነ፣ የመጽሔቱ ስም በማን ንብረትነት እንደተመዘገበ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። እኛ የምናተኩረው በዚህ በተዘነጋው ጥያቄ ላይ ነው።

በፖላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 «ኡቫዣም ዤ» የተባለ ወግ አጥባቂ ሳምንታዊ የፖለቲካ መጽሔት መታተም ጀመረ። በዋና አዘጋጁ በፓቬው ሊሲትስኪ መሪነት የዶናልድ ቱስክን መንግሥት አጥብቆ በመንቀፉ በአጭር ጊዜ ብዙ አንባቢ አፈራ። በዚያው ዓመት አሳታሚውን ድርጅት ግዜጎሽ ሃይዳሮቪች የተባሉ ባለሀብት ገዙት። በ2012 እኅት ጋዜጣው በስሞሌንስክ ስለተከሰከሰው የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ባወጣው ዘገባ ብርቱ ውዝግብ ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሊሲትስኪ ተሰናበቱ፤ ባልደረቦቻቸውም በብዛት ተከትለዋቸው ወጡ። ስሙ ከባለሀብቱ ዘንድ ቀረ። ብዕሩ ግን ተሰደደ፦ በ2013 መባቻ ሊሲትስኪ «ዶ ዤቺ» የተባለውን አዲስ ሳምንታዊ መጽሔት ይዘው ብቅ አሉ።

በዚያ የተባረረ አዘጋጅ ሌላ አሳታሚና ሌላ ማተሚያ ያገኛል። በእኛ አገርስ?

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀርቷል። ይሁን እንጂ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ የመንግሥት ንብረት እንደሆነ፣ የአብዛኞቹ የግል ጋዜጦች ማተሚያ ሆኖ ቆየ። በ2004 ዓ.ም. ይኸው ድርጅት ሕግን ይጥሳል ያለውን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት የሚሰጠውን የኅትመት ውል ለደንበኞቹ አቀረበ። ሳንሱር በአዋጅ ከወጣበት ቤት በውል ተመልሶ ገባ ማለት ነው! በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የ«ፍትሕ» ጋዜጣ እትም ከታተመ በኋላ እንዳይሰራጭ ታገደ። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴር «አዲስ ጉዳይ»ን፣ «ፋክት»ን፣ «ሎሚ»ን፣ «ዕንቁ»ንና «ጃኖ»ን ከ«አፍሮ ታይምስ» ጋዜጣ ጋር መክሰሱን አስታወቀ። በርካታ ጋዜጠኞች ተሰደዱ፤ በ2007 ዓ.ም. የሦስቱ መጽሔቶች አሳታሚዎች በሌሉበት የእስራት ፍርድ ተፈረደባቸው። ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚመላለሰው አንባቢ እነዚህን መጽሔቶች ከአዟሪ እጅ አጣቸው።

ይህን ስንል ፖላንድን የነጻነት ገነት ማድረጋችን አይደለም። የባለቤት ጡጫ ያመማቸው ወግ አጥባቂዎች ሥልጣን ላይ ሳሉ፣ መንግሥት የሚቆጣጠረው ኦርለን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 «ፖልስካ ፕሬስ»ን ከነክፍለ ሀገር ጋዜጦቹ ጠቅልሎ ገዛ፤ የበርካታ ጋዜጦች ዋና አዘጋጆችም በዚያው ዓመት ተለወጡ።