ነርቭን ለመፍታት ወገብን ማሰር የግድ ነው?

ጤነኛን ሰው የሚያደክመው ዳገቱ ነው። የወገቡ የነርቭ ቦይ የጠበበበት ሰው ግን ዳገቱን እንደምንም ወጥቶ ቁልቁለቱ ላይ እግሩ ይከዳዋል። ጥቂት እንደተራመደ ባቱ ይከብደዋል፣ ይደነዝዘዋል፤ ድንጋይ ፈልጎ ቁጭ ሲል ወይም ዱላውን ተደግፎ ጎንበስ ሲል ደግሞ ሕመሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። ወገብ ሲታጠፍ ቦዩ ይሰፋል፣ ሲቃና ይጠባል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ሐኪሞች ታማሚውን በሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፋ ሲሄድ ይሻለው እንደሆነ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። መቋሚያ ተደግፎ የሚያስቀድስ አዛውንትም ነገሩን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

በኛ አገር የወገብ ሕመም ሁሉ “ዲስክ ነው” ተብሎ ያልፋል። ይህኛው ግን ዲስክ ብቻ አይደለም። ሆላንዳዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሄንክ ፈርቢስት እ.ኤ.አ. በ1954 በስፋት እንደገለጸው ችግሩ ያለው ቦዩ ላይ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ዲስኩ ከፊት ይገፋል፣ ከኋላ ያለው ቢጫ ጅማት ይወፍራል፣ የጎን መገጣጠሚያዎቹም ያብጣሉ። ሕብለ ሰረሰር ራሱ በወገብ የላይኛው ክፍል ላይ ስለሚያልቅ ከዚያ በታች በቦዩ ውስጥ የሚወርዱት እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ የነርቭ ሥሮች ናቸው። የሚታፈኑትም እነሱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል።

ቦይ መጥበቡ ብቻውን ሰውን ለቢላ አያቀርብም። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸው ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሱ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነው 21 በመቶው ቦያቸው ጠቦ ተገኝቷል። ስለዚህ የሚታከመው ሰውየው እንጂ ፎቶው አይደለም። የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምናና መድኃኒት ለብዙዎች ይበቃል። ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ወይም እግሩ በፍጥነት እየሰነፈ የሄደ ግን ቀጠሮ ሊጠብቅ አይገባም።

ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ቀዶ ሕክምና ግድ ሲሆን ክርክሩ ይጀምራል። ሐኪሙ ማድረግ ያለበት ነገር ላይ ብዙም ጭቅጭቅ የለም። ከኋላ ገብቶ የወፈረውን ጅማትና የአጥንቱን ጠርዝ ቆርጦ ቦዩን ያሰፋል፣ ነርቮቹ ይተነፍሳሉ። የሚያጨቃጭቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ቦዩን አስፍቶ ይውጣ ወይስ አጥንቶቹን በብሎንና በብረት ዘንግ አስሮ አንድ ላይ እንዲገጥሙ ያድርግ? ማሰር የተለመደው አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ወደፊት በተንሸራተተበት ሰው ላይ ነው። ቦዩን ካሰፋን መንሸራተቱ ይብሳል የሚል ስጋት አለ፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም።

ማሰር ግን ዋጋ አለው። ከአምስቱ የወገብ አጥንቶች ሁለቱ ሲታሰሩ የእነሱ የመታጠፍ ሥራ ጎረቤቶቻቸው ላይ ይወድቃል፤ አንዱ በሬ ሲያነክስ ቀንበሩ በሌላው ላይ እንደሚከብድ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ወገባቸው ከታሰረ ሰዎች መካከል በአሥር ዓመት ውስጥ 36 በመቶ የሚሆኑት ከታሰረው ቦታ አጠገብ እንደገና ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ችግር እንደሚገጥማቸው ገምቷል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የብሎኑ፣ ምን ያህሉ የዕድሜ ጣጣ እንደሆነ መለየት ከባድ ነው። ቢሆንም ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ እየታወቀ አሜሪካ ውስጥ የብሎኑ ገበያ ደርቶ ነበር። ተመራማሪው ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት በአረጋውያኑ የመንግሥት መድን ሜዲኬር ሥር ከ2002 እስከ 2007 ድረስ ለቦይ መጥበብ የተደረገው ውስብስብ የማሰር ቀዶ ሕክምና 15 እጥፍ ጨምሯል። ለሕይወት የሚያሰጋ ችግር ቦያቸው ብቻ ከሰፋላቸው መካከል 2.3 በመቶውን፣ በውስብስቡ መንገድ ከታሰሩት መካከል 5.6 በመቶውን አጋጥሟል። የሆስፒታሉ ሒሳብም በአማካይ ከ23,724 ዶላር ወደ 80,888 ዶላር ያሻቅብ ነበር። አረጋውያኑ በአምስት ዓመት ውስጥ 15 እጥፍ የባሰ ወገብ አላመጡም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ማስረጃ የብሎኑን ወገን አልደገፈም። ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረጉት ጥናት ከ50 እስከ 80 ዓመት የሆኑ 247 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን አስፍተው ብቻ፣ ግማሾቹን አስፍተውም አስረውም አክመዋል። የታሰሩት ከሁለት ዓመትም ከአምስት ዓመትም በኋላ ብልጫ አላሳዩም፤ መንሸራተት የነበረባቸውም ጭምር። በዚያው ዓመት 66 ሰዎችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ግን የታሰሩት በመጠኑ እንደተሻላቸውና ተመልሰው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የገቡትም 14 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ዘገበ፤ ካልታሰሩት ደግሞ 34 በመቶው ተመልሰዋል። ነገሩ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ኖርዌያውያን እ.ኤ.አ. በ2021 መንሸራተት ያለባቸውን ብቻ፣ 267 ሰዎችን ይዘው መጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሕመሙ ምክንያት የዕለት ተዕለት ኑሯቸው ላይ የሚደርሰው ችግር በሚገባ የቀነሰላቸው ሳይታሰሩ ከቀሩት 71.4 በመቶ፣ ከታሰሩት 72.9 በመቶ ሆኑ። በድጋሚ የተከፈቱት 12.5 እና 9.1 በመቶ ናቸው። ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ሁሉንም አስቀድሞ ለማሰር የሚያበቃ ልዩነት አይደለም።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ የሚፈልጉም ነበሩ። ኤክስ-ስቶፕ የተባለው ዕቃ የተፈለሰፈው ከዚያው ከመጎንበስ ነው፤ ከኋላ በሚዳሰሱት የአጥንት ሹሎች መካከል ተሰክቶ ያንን ቦታ በመጠኑ እንደታጠፈ ያቆየዋል። ብልህ ሐሳብ ነበር። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ፈቀደው። ስዊድናውያን ቦይ ከማስፋት ጋር ሲያወዳድሩት ግን 26 በመቶው በድጋሚ ተከፈቱ፤ ቦያቸው በተለመደው መንገድ ከሰፋላቸው የተከፈቱት 6 በመቶ ነበሩ። ዕቃው ከጊዜ በኋላ ከገበያ ወጣ። ሆላንዳውያንም ከዚሁ ወገን የሆነውን ኮፍሌክስን ቦዩን ሳያሰፉ ፈትነው 29 በመቶ ለ8 በመቶ አገኙ።

ከፈረንሳይ የመጣው ይኸው ኮፍሌክስ ቦዩ ከሰፋ በኋላ ሲገባ፣ እንዲሁም በእስራኤል የተሠራው ቶፕስ ከዚያ የተሻለ ታሪክ አላቸው። ቶፕስ በሁለት የታይታኒየም ሳህኖች መካከል የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ይዞ በብሎን አጥንቱ ላይ ይታሰራል፤ ወገቡም በልኩ መታጠፍና መዞር ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቅዳዋለች፤ የተፈቀደውም መጠነኛ መንሸራተት ላለበት የጠበበ ቦይ ነው። የቀረበው ማስረጃም አጥንት ከማሰር እንደሚሻል ያሳያል።

ግን ከማን ጋር ተወዳደረ? ቶፕስ የተወዳደረው ከማሰር ጋር ነው፤ ኮፍሌክስም አሜሪካ ሲገባ እንዲሁ። የኖርዌዩ ጥናት ደግሞ በዚያው ዓይነት ታማሚ ላይ ማሰሩ ራሱ ለብዙዎች አላስፈላጊ እንደነበር አሳይቷል። አላስፈላጊ ከሆነ ነገር መብለጥ ዕቃውን አስፈላጊ አያደርገውም። ኮፍሌክስ በጀርመን ከማስፋት ጋር በቀጥታ ሲወዳደር መርፌና ተጨማሪ ሕክምና የፈለጉት ማነሳቸው እውነት ነው። በሕመምና በእንቅስቃሴ መለኪያ ግን ሁለቱ ወገኖች ተቀራራቢ ነበሩ። እንቅስቃሴ ጠባቂ የሚል ስም በማስታወቂያ ላይ ለዕቃ ሲሰጥ ማንበብ የተለመደ ሆኗል፤ ያለ ምንም ዕቃ የወገብን እንቅስቃሴ የሚጠብቀው ቦይ ማስፋት ግን አሻሻጭ ስለሌለው በዚህ ስም ሲጠራ አይሰማም።

ይህ ቀዶ ሕክምና ራሱም እንደ ድሮው አይደለም። የአጥንቱን ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ማንሳት ቀርቶ በአንድ ጎን ገብቶ ሁለቱንም ጎን ማስፋት ተለምዷል። በተለይ ደቡብ ኮሪያውያን ያስፋፉት መንገድ ደግሞ በሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ያስገባል። የጎን መገጣጠሚያዎቹ በተቻለ መጠን ስለማይነኩ ወገቡ የሚላላበት ምክንያት ይቀንሳል።

ብሎን የግድ የሚሆንበት ሰው የለም ማለት ግን አይደለም። አጥንቱ ሲያጎነብስና ሲቃና በግልጽ የሚንሸራተት፣ ወገቡ በጉልህ የጎበጠ፣ ወይም ነርቩን ለማስለቀቅ መገጣጠሚያው መነሳት ያለበት ሰው ቢታሰር ይሻለዋል። ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቆሞ፣ ጎንበስና ቀና ብሎ የሚነሳ ተራ ራጅ ይበቃል። ኤምአርአይ ተኝቶ የሚነሳ በመሆኑ ሰው ሲቆም የሚመጣውን መንሸራተት ሊደብቅ ይችላል።

ለኢትዮጵያ ይህ የባዕድ አገር ክርክር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲና ከሃውከላንድ ሆስፒታል ጋር በመተባበር ነው፤ የ2021ን የኖርዌይ ጥናት የመሩት ሐኪምም የዚያው የሃውከላንድ ባልደረባ ነበሩ። ዕውቀቱ የመጣበት በርና ማስረጃው የወጣበት በር አንድ ነው። ብሎኑ ከውጭ የሚመጣው በዶላር ነው፤ ሲላላ ደግሞ ለማውጣት ብዙ ጊዜ የዚያው አምራች መፍቻ ያስፈልጋል። ባንኮክ ወይም ህንድ ሄዶ ብረት አስገብቶ የተመለሰ ሰው ችግር ሲገጥመው እዚህ የሚያክመው ሐኪም የትኛው ኩባንያ ብሎን እንደሆነ እንኳ የሚያውቀው ወረቀቱ ካለ ነው። ስለዚህ ዘመድ አዝማድ ለጉዞው ከማዋጣቱ በፊት ታማሚው ሁለት ነገር በእጁ ቢይዝ መልካም ነው፤ ቆሞና ጎንበስ ብሎ የተነሳ ራጅ፣ እንዲሁም ወገቡ መታሰር ያለበት ለምን እንደሆነ፣ ቦዩ ብቻ ቢሰፋ የማይበቃውም ለምን እንደሆነ ሐኪሙ በፊርማው ያሰፈረበት ደብዳቤ።